ቁልቁለት ላይ የቆመችው ቮልስ

ከፈለ ሞቶ የተገኘው በገዛ ቮልሱ አፍንጫና በገዛ ጋራዡ በር መካከል ተጣብቆ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ፒጃማ ለብሷል፤ በእግሩ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ እጁ አጠገብ ከእንጨት የተቆረጠ የጎማ ታኮ ወድቋል። ቤቱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ መግቢያው ከአስፋልቱ ተነስቶ እስከ ጋራዡ በር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ፖሊስ መጣ፣ አየ፣ «ሽማግሌው የእጅ ፍሬን ሳይዝ ረስቶ መኪናው ተንሸራቶበት ነው» ብሎ ሄደ።

ለቀስተኛው ግን በአደጋ አልረካም። የሰው ልብ ሲያዝን የሚጠላው ሰው ይፈልጋል፤ ሲፈልግም አያጣም። የተገኘው ፀሐዩ ነበር፤ አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ያለው፣ የሟች የልብ ጓደኛ፣ ቮልሷን በዚያው ሳምንት ያያት መካኒክ።

«ፍሪሲዮኗን ሠርቻታለሁ ብሎ ነው የሰጠው» አለች የከፈለ ሚስት ንግስት። «የእሱ እጅ ነው የገደለብኝ። እለቅሶዬ እንዳይገባ። ሐሙስም ከቀብሩ እንዳይቆም።»

ቃሏ ከቤተክርስቲያን ደጅ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ታክሲ ተራ ዞረ። ፀሐዩ እሁድ ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሶ ቢመጣ ከበር መለሱት። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የጋራዡ ኢንሹራንስ ለሠረቀብርሃን ኮል አደረገለት።

ሠረቀብርሃን ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ሳለ ትራፊክ ፖሊስ፣ ኋላም የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር፤ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ። እዚህ የተጋጨ መኪና እየመረመረ ለኢንሹራንሶች ቃሉን የሚሰጥ ሆነ። ዓይኑ አይስትም፤ ስለዚህ ፈረንጅ ያምነዋል፣ አበሻ ደግሞ «ሰላዩ» ይለዋል። ሰው የሚያውቀው በአደጋው ቀን ብቻ ነው። በሠርግ ቢጠሩት እንኳ ጥግ ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር ያስቀምጡታል።

ከፀሐዩ ጋር የቆየ ቂም ነበረው። እንደመጣ ሰሞን እድር ልግባ ብሎ ስብሰባ ሄዶ ነበር። ፀሐዩ ከኋላ ተነሳና «ፖሊስ እድር ምን ያደርግለታል? መንግሥቱ ይቅበረው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሠረቀብርሃንም አብሮ ሳቀ። ያቺን የገዛ ሳቁን ነው እስከዛሬ ይቅር ያላላት።

እንግዲህ ወደ ጋራዡ ሲነዳ ልቡ ከፍቶት ነበር ብል ውሸት ይሆናል።

ፀሐዩ ከአንድ ቫን ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ማነው?»

«ከኢንሹራንስ።»

«ስም የለህም?»

«ሠረቀብርሃን።»

እግሮቹ ቀጥ አሉ። ከዚያ ሰውየው ተንሸራቶ ወጣ። ዓይኑ አብጧል።

«ሰው አልቆባቸው ነው አንተን የላኩት?»

«ሥራ ባይሆን እኔም አንተ ጋ አልመጣም ነበር። ፍሪሲዮኗን ሠርተሃታል ወይስ አልሠራሃትም?»

«አልነካኋትም! ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም ብሎ አመጣት። ፈተንኳት። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ አራተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ደህና ቢሆን ሞተሩ ታንቆ ቀጥ ይላል አይደል? የሷ እየጮኸ ቀጠለ። ዘይት ገብቶበታል፤ ማለቂያው ነው።» ጥቁር እጁን አንሥቶ በሌላው እጁ ጨበጠው። «ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ጎማውን የሚያጨባብጥ እጅ ነው። እጁ ሲያልበው ያመልጣል። ዕቃው እስኪመጣ ወደ ዳገት አትውጣ፣ ቁልቁለት ላይም ማርሽ አምነህ አታቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ታኮ አድርግ፣ አልኩት።»

«ሌላ ማን ሰማ?»

«ማንም። ለንግስት እንዳትነግራት አለኝ። ከሰማች ሽጣት ትለኛለች፣ ለሷ ደግሞ ሰበብ ነው የጠፋት፣ ብሎ።»

«ምስክር የለህማ።»

«ምስክሬን ሐሙስ ይቀብሩታል።»

ሠረቀብርሃን ጋራዡን አየ። ጥግ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ደንበኞቼ ተሰልፈው ነበር፤ ስልካቸውን እሰጥሃለሁ። ከፈለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ቀረብኝ ብዬ ስደውል ልጁ ነው ያነሳው።» ድምፁ ተሰበረ። «ጋራዡን ይዝጉት። ግን እንድቀብረው አድርግልኝ። እዚህ አገር ከሱ በቀር የሚያውቀኝ የለም።»

ይህን ልመና ሠረቀብርሃን ለብዙ ዓመት ሲመኘው ኖሯል። ሲሰማው ግን እንዳሰበው አልጣፈጠውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶታል። ገና ሲገባ በየሶፋው ያሉት ሁሉ ቦታ እንደሌለ ለማሳየት ትከሻቸውን አሰፉ። የተነሣችው ንግስት ራሷ ነበረች፤ ጥቁር በጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ገርጥቶ።

«ለወንድሜ ቦታ ልቀቁለት» አለች። «የሚበላም አምጡ። ሥራ ላይ ነው፤ ጠዋትም የቀመሰ አይመስለኝም።»

ቀርቦለት በላ። እጇ ገበታው ላይ እየተመላለሰ «ጨምር እንጂ» ስትለው የጠቀለለውን ሳይጎርስ ቆየ። ጨምር ብሎ የለመነው ሰው ከየት አገር፣ በየት ዘመን እንደነበር ማስታወስ አቅቶት ነው።

«አዲስ አበባ ፈታኝ ነበርክ አሉኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ነበርኩ፣ ወይዘሮ ንግስት።»

«እኔን ሁለት ጊዜ የጣለኝ ያ ቁጡ ፖሊስ አንተ እንዳትሆን ብቻ።» ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ፈገግ አለች።

«ምን ላይ ነበር የወደቁት?»

«ቁልቁለት ላይ ማቆም። በሦስተኛው ግን አለፍኩላችሁ!»

እሱም ፈገግ አለ። ጥቂት ቆይቶ ጠየቃት።

«ቮልሷን ከአቶ ከፈለ ሌላ ማን ይነዳታል?»

«ማን ይነካታል! እንደ ታቦት ነው የሚያያት። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ከአውቶማቲክ በቀር ነድቼ አላውቅም።»

«ፀሐዩ ሠርቻታለሁ ሲል በጆሮዎ ሰምተዋል?»

«ከፈለ ነው የነገረኝ።» ሰሃኑን አነሳች። «ያ ሰውዬ ቅዳሜዬን ሁሉ በላብኝ፤ አሁን ደግሞ ባለቤቴን።»

ቤዝመንቱን የተከራየው ልዑልሰገድ ነው፤ በዲቪ በቅርቡ የመጣ፣ አገር ቤት አይሱዙ ይነዳ የነበረ፣ አሁን አርሊንግተን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳይጠይቀው ይምላል።

«ጋሼ፣ እመቤቴን ምስክር አድርጌ፣ እጄን አላሳረፍኩባትም!»

«ነካሃት አላልኩህም። ያየኸውን ንገረኝ።»

«ከሥራ ስገባ ጠዋት ነው። መግቢያው ላይ ቮልሷ ቆማለች፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይሸታል። ያን ሽታ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፣ የዓባይን በረሃ ስወጣ ስንቴ አጢሻለሁ። አሁን ማን ዳገት አስወጣት? ብዬ ገባሁና ጋደም አልኩ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ ከፈለ . . .» አንገቱን ደፋ። «እሳት አደጋዎቹ መጡ። ማርሹን ሳያወጡ እንዲሁ በእጃቸው ገፍተው ወደ ኋላ መለሷት፤ ጎማዋን በጡብ ደገፉ። ከዚያ ወዲህ የነካት የለም።»

«ታኮውን አይተኸው ታውቃለህ?»

«ባለፈው ረቡዕ ጋራዡ ውስጥ ሲቆርጠው አግዤዋለሁ። ድሮ ታኮ አያውቅም ነበር። ምን ተገኘ ጋሽ ከፈለ? ስለው፣ ‹አርጅታለች፣ ምርኩዝ አማራት› ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ወዲያ ባቆማት ቁጥር ያደርግላታል።»

የሟች ልጅ ኃይለልዑል ውጭ ደረጃው ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ነበር። እዚሁ የተወለደ ወጣት ነው።

«ቮልሷን ነድተህ ታውቃለህ?»

«ኖ። ስቲክ ማርሽ አልችልም። ዳድ ሊያስተምረኝ ትራይ አድርጎ ተጣላን።»

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ኪችን፣ ሚስማሩ ላይ። ፖሊሱ ሲጠይቅ ከዚያው አውርጄ ሰጠሁት።»

«አባትህ በሞተበት ሰዓት ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነበር ማለት ነው?»

ልጁ ቀና ብሎ አየው። «የስ . . . ኦፍ ኮርስ።»

«የእናትህስ መኪና?»

«እኔ ይዤው ጂም ሄጄ ነበር።»

ሠረቀብርሃን ወደ ቮልሷ ወረደ። አፍንጫዋ ወደ ጋራዡ ዞሯል። በመስኮቷ ጎንበስ ብሎ ሳይነካ አየ፦ የእጅ ፍሬኑ ወርዷል፤ ማርሹ የገባው ኋላ ማርሽ ላይ ነው። ፎቶ አነሳ። ከዚያ ብዙ ቆየ፤ ጎረቤት ያየው እንደሆነ የሚጸልይ ይመስለዋል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የጠረጠረ ሰውም ግን የሚመነጠርበት ጊዜ አለ። ማክሰኞን ቤቱ ዋለ። ነገሩ ገብቶት ነበር። «ሊታወቅ አልቻለም» ብሎ ቢጽፍ የሚቃወመው የለም። ፀሐዩ ከቀብር ይቀራል፤ ሰውም እስኪሞት በጣቱ ይጠቁመዋል። ንግስት ደግሞ በሰባቱም በአርባውም ቦታ ልቀቁለት ትላለች። በአንድ ቃል ጠላቱም ይወድቃል፣ የሚቀመጥበት ቤትም ያገኛል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ችግሩ፣ ከወገን ደጅ መመለስ ምን እንደሚመስል ከፀሐዩ በፊት የቀመሰው እሱ ራሱ መሆኑ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መግቢያው ላይ አስወጣቸው። ፀሐዩንም ጠርቶት ነበር። ከመንገዱ ዳር ሆኖ ብቅ ሲል ለቀስተኛው ተንጫጫ።

«ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ሰላዩ ነዋ የጠራው! የሚከፍለው የሱ ጋራዥ ኢንሹራንስ አይደል?»

«እውነት ነው» አለ ሠረቀብርሃን። «የሚከፍለኝ የሱ ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ ቃሌን አትመኑ። መኪናዋን እመኑ። ማርሿን እንደነበረ ፎቶ አንስቻለሁ። ፀሐዩ፣ ግባና የያኔውን ፈተና ድገመው።»

ፀሐዩ ገባ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ አስነሳ፣ አራተኛ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ይታነቃል ሲባል እየጮኸ ቀጠለ፤ የተቃጠለ ሽታ መግቢያውን ሞላው።

«ይሄ ነው የሸተተኝ!» አለ ልዑልሰገድ።

«አጥፋት። አያችሁ? ያልተሠራ ፍሪሲዮን ነው። ከፈለም ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ታኮ አይቆርጥም። ልዑልሰገድ አግዞታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ታዲያ ቁልቁለት ላይ ያለ እጅ ፍሬን፣ ያለ ታኮ፣ ማርሽ ብቻ አምኖ ያቆማታል?»

«ረስቶ ቢሆንስ?» አለ አንድ ድምፅ።

«ረስቶ ቢሆን ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይገኝ ነበር። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። ሰውየው በፒጃማና በነጠላ ጫማ ነው የወጣው። የሚነዳ ሰው እንዲህ አይለብስም። በመስኮት ሲያይ መኪናዋ ታኮ የላትም፤ ደንግጦ ሊያደርግላት ወረደ። ጎንበስ ሲል ማርሹ አልያዘም፣ መጣችበት። እንግዲህ ያን ጠዋት ሌላ ሰው ነው ዳገት አስወጥቶ፣ ፍሪሲዮኗን አቃጥሎ፣ መልሶ ያቆማት። ፍሪሲዮኗ ማለቁን የማያውቅ ሰው።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«ፀሐዩ ያውቃል፤ ያን ጠዋትም ከደንበኞቹ ጋር ነበር፣ ጠይቄያለሁ። ኃይለልዑል በእጅ ማርሽ መንዳት አይችልም። ልዑልሰገድ፣ አንተ ግባ። ሞተሩን ሳታስነሳ ኋላ ማርሽ አስገባልኝ።»

ልዑልሰገድ ገባ። ማርሹን ወደ ግራ ሞከረ፣ ወደ ቀኝ ሞከረ፣ ታገለው። አላበው።

«ጋሼ፣ ይቺ ነገር ኋላ ማርሽ የላትም እንዴ? አይሱዙ ሙሉ ያጋሰስኩ ሰው በጥንዚዛ ልዋረድ!»

ከለቀስተኛው መሃል አንድ ሁለት ሰው ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«አላት» አለ ሠረቀብርሃን። «ግን እንደ ሌላው መኪና አይደለም። ዱላውን መጀመሪያ ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ መጫን አለብህ። ቮልስ ያልነዳ አያውቀውም። ያን ጠዋት ያቆማት ሰው ግን ያውቅ ነበር። አፍንጫዋ ቁልቁል ስለሆነ ኋላ ማርሽ መግባት እንዳለበትም ያውቃል። ወደ እጅ ፍሬኑ ግን እጁ አልሄደለትም። ለምን? አዲስ አበባ ስንፈትን መኪናዎቹ ሁሉ ያረጁ ቮልሶች ነበሩ፤ የእጅ ፍሬን የሚባል አልነበራቸውም። ተማሪው ሽቅብ ከሆነ አንደኛ፣ ቁልቁል ከሆነ ኋላ ማርሽ እያለ ነው የሚያልፈው።» ከዚያ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻዋ እንደሚያነጋግራት ሁሉ፣ «ወይዘሮ ንግስት፣ በሦስተኛው ፈተና እንዴት ነበር ያለፉት?» አላት።

«የበላበትን ወጭት ሰባሪ!» ብላ አንዷ ጮኸች።

ንግስት እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። ቮልሷን እያየች ነው የተናገረችው።

«ወደ ታች ተጭኜ» አለች። «ወደ ታች ተጭኜ ኋላ ማርሽ አስገባሁ፤ ፈታኙም ጎበዝ አለኝ።»

«ማም?» አለ ልጇ።

«አንድ ቀን ቁልፉን ስጠኝ ብላው አታውቅም እንዳትሉኝ። ስንት ቀን! ‹የአንቺ እግር ይከብዳታል› ይለኛል። እሷን ሲያጥብ፣ ሲያናግር ያረፍዳል፤ ቅዳሜ ደግሞ ይዟት ወደዚያ ሰውዬ ይሄዳል። ያን ጠዋት ተኝቶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ፣ ፍሬኑን አውርጄ፣ ከጎማው ሥር ያገኘሁትን እንጨት ወደ ጎን ጥዬ ወጣሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ . . . እንደ ልጅ። ኋላ ዳገቱ ላይ ትጮሃለች እንጂ አልሄድ አለች፣ ሸተተች። ሰበርኩበት ብዬ ደነገጥኩ። መልሼ እንዳስተማሩኝ አቆምኳት፣ ቁልፉን ሰቀልኩ፣ ቁርስ ልሠራ ገባሁ። ቢቆጣኝስ ብዬ ዝም አልኩት። ነግሬው ቢሆን . . .» ወደ ልጇ ዞረች። «ፖሊሱ ሲመጣ አንተ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። አባትህን የገደለች እንዳትለኝ ፈራሁ። ከዚያ የፀሐዩ ስም አፌ ላይ መጣ። የምጠላው እሱን ስለሆነ ቅርብ ነበር።»

ኃይለልዑል አጠገቧ ሄዶ ቆመ፤ ሲያቅፋት ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ፀሐዩ ከመኪናዋ አልወጣም ነበር፤ መሪውን ጨብጦ ያለቅሳል። «አልነገርኳትም» ይላል። «አትንገራት አለኝ፣ እኔም አልነገርኳትም።»

ንግስት ወርዳ በሩን ከፈተችለት።

«ግባ» አለችው። «ወንድምህን አልቅሰው። ነገም ከፊት ቁም።»

ሰው ሁሉ እየተደጋገፈ ወደ ቤት ወጣ። ፀሐዩ በሠረቀብርሃን አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎለት አለፈ። ሌሎቹ ዞረው እንደ ቆሻሻ ሸሹት። ንግስት የመጨረሻዋ ነበረች።

«ለፖሊሱ ራሴ እነግረዋለሁ» አለችው። «አንተ ግን ስትጽፍ፣ ባሏን ትወደው ነበር ብለህ ጻፍበት።»

«ወረቀቱ ለሱ ቦታ የለውም፣ ወይዘሮ ንግስት።»

«እንግዲያስ ምን ዓይነት ወረቀት ነው?» ብላ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ወዲያው የፀሐዩ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፦ «ከፈለ! ኧረ ከፈለ!» ሴቶቹ ተቀበሉት። በለቅሶ መሃል ጥሎ መሄድ ነውር ነውና ሠረቀብርሃን ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ፣ መግቢያው ላይ ቆመ። ሳያስበው እንባው መጣ። ለማን እንደሆነ ግን ራሱን አልመረመረም።